አዳራሹ ለስብሰባ ተይዟል

እኔ በምኖርባት አነስተኛ የፈረንሳይ ከተማ የምክር ቤቱ የበጀት ስብሰባ ለማንኛውም ነዋሪ ክፍት ነው። በቅርቡ አንዱን ስብሰባ ተቀምጬ ስከታተል የከተማይቱ ብቸኛ ሲኒማ ቤት ዓመታዊ ድጎማ ለውይይት ቀረበ። አንድ ተመራጭ ገንዘቡ ለመንገድ ጥገና መዋል አለበት ብለው አጥብቀው ተከራከሩ፤ ሌላዋ ተመራጭ ደግሞ ሲኒማ ቤቱ ከተዘጋ መኪና የሌለው ቤተሰብ ልጆቹን ፊልም የሚያሳይበት ቦታ አይኖረውም ሲሉ መለሱ። ክርክሩ የጋለ ቢሆንም ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት በአንድ ሰነድ ላይ ነበር፤ ስንት ተመልካች እንደገባ፣ ከትምህርት ቤቶች ስንት ተማሪ እንደመጣ፣ ትኬቱ በስንት እንደተሸጠና ጉድለቱ ምን ያህል እንደሆነ በጽሑፍ ቀርቦ ነዋሪው ሁሉ ሊያነበው ይችል ነበር። እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው። የተወለድኩባት ከተማ ማዘጋጃ ቤት የራሱ አዳራሽ አለው፤ ሆኖም ለአዳራሹ በዓመት ምን ያህል እንደሚያወጣና ከአዳራሹ ምን ያህል እንደሚያገኝ የሚያውቅ ነዋሪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

እዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ድጎማውን እንዳሻው አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውና በወቅቱ የአካባቢ አስተዳደር ጉዳዮችን ይመሩ በነበሩት በዣን ፒየር ሱዌር ስም የሚጠራው ሕግ፣ ዛሬ ባለው መልኩ፣ የአካባቢ አስተዳደር መደጎም የሚችለው በሳምንት በአማካይ ከ7,500 ያነሰ ተመልካች ያለውን ወይም ለጥበባዊ ፊልሞች ትኩረት በመስጠቱ ዕውቅና ያገኘውን ሲኒማ ቤት ነው ይላል። ድጎማው ከሲኒማ ቤቱ ዓመታዊ ገቢ 30 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ በአስተዳደሩና በሲኒማ ቤቱ መካከልም ውል ይፈረማል። ጣሪያው ከገቢ ጋር መታሰሩን አስተዋይነት ያለበት አሠራር ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ተመልካች የሸሸው አዳራሽ ገቢው ባነሰ ቁጥር ሊያገኝ የሚችለው ድጎማም ስለሚያንስ፣ ሥራ አስኪያጁ ወንበሮቹ ባዶ ሆነው በመንግሥት ገንዘብ ብቻ ሊኖር አይችልም። ሲኒማ ቤቱን በራሳቸው ሠራተኞች የሚያስተዳድሩና ጉድለቱን በቀጥታ ከከተማው በጀት የሚሸፍኑ ማዘጋጃ ቤቶችም አሉ። ይህኛውን መንገድ ግን ለእኛ አልመኘውም፤ በእኛ አገር በቀጥታ የሚተዳደር አዳራሽ ብዙ ሳይቆይ ከጽሕፈት ቤቶቹ እንደ አንዱ መሆኑን ሁላችንም አይተናል።

ሌላው የገንዘብ ምንጭ ትኬቱ ራሱ ነው። በፈረንሳይ ከእያንዳንዱ የሲኒማ ትኬት ዋጋ 10.72 በመቶው ተቀንሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደተቋቋመው ብሔራዊ የሲኒማ ማዕከል ይገባል። ከዚህ ገንዘብ የተወሰነው በየሲኒማ ቤቱ ስም ተመዝግቦ ይቀመጥና ለወንበር፣ ለድምፅ መሣሪያና ለፕሮጀክተር መግዣ ይመለስለታል፤ ስሌቱም ለትናንሾቹ የሚያደላ ነው። የማዘጋጃ ቤት ሲኒማ ከድጎማ አልፎ ለሌላ የሚተርፍበት ጊዜም አለ፤ በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ የሚገኘው የሠዓሊው የኤድቫርድ ሙንክ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው የከተማይቱ ማዘጋጃ ቤት ሲኒማ ቤቶች ባስገቡት ትርፍ ነው።

ይህን ለአገሬ ሰዎች ሳነሳ ወዲያው የሚመጣው መልስ «ውኃና መብራት ሳይዳረስ ምን ሲኒማ?» የሚል ነው። መልሱን አላቃልለውም፤ ውኃ የሌለው ቀበሌ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። ነገር ግን ይህን የሚሉ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ እኛ ዛሬም እየደጎምን ነው። በደርግ ዘመን ተወርሰው በመንግሥት እጅ ከገቡት የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ጀምሮ በየክልሉ ከተማ እስካሉት የማዘጋጃ ቤት አዳራሾች ድረስ ሕንፃው የሕዝብ ነው፣ ቦታው የሕዝብ ነው፣ የጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋና የኃላፊው ደመወዝ የሚከፈለው ከሕዝብ ገንዘብ ነው። ወጪው እያለ ፊልሙ የለም። ልጆቻችን የሚያዩትን የሚያዩት መስኮቱ በማዳበሪያ ጆንያ በተሸፈነ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ተፋፍገው ነው።

አገር ቤት በሄድኩ ጊዜ የእህቴን ልጆች ይዤ፣ የፊልም ማስታወቂያ በሩ ላይ ወደተለጠፈበት የከተማችን አዳራሽ ሄጄ ነበር። የጥበቃ ሠራተኛው «ጋሼ፣ አዳራሹ ለስብሰባ ተይዟል፤ መቼ እንደሚለቀቅም አልተነገረንም» አለኝ። በትሕትና ነበር የተናገረው፤ ጥፋቱም የእሱ አልነበረም። በማግሥቱ ስንመለስም ስብሰባው አላለቀም፤ ማስታወቂያው ግን እንደተለጠፈ ነበር። ስብሰባውን የጠራው አካል ለአዳራሹ አንዲት ብር እንዳልከፈለ በኋላ ከሠራተኞቹ ሰማሁ። ፊልሙን ያመጣው ወጣት ግን ኪራዩን በቅድሚያ ከፍሎ ነበር፤ እስካሁን ስለ እሱ ሳስብ እናደዳለሁ።

ስለዚህ የእኛ ከተሞች ምክር ቤቶች አዲስ ገንዘብ ከመፈለጋቸው በፊት አሁን የሚያወጡትን በግልጽ ይጻፉ። የአዳራሹ ወጪ በከተማው በጀት ውስጥ ራሱን የቻለ ርዕስ ይኑረው፤ ሥራውም በጨረታ ለተመረጠ ማኅበር ወይም ግለሰብ በውል ይሰጥ። ውሉ በሳምንት ስንት ቀን ፊልም እንደሚታይ፣ ተማሪዎች በስንት ብር እንደሚገቡና በአገራችን ወጣቶች የተሠሩ ፊልሞች ስንት ምሽት እንደሚያገኙ ይወስን፤ የድጎማው ጣሪያም እንደ ፈረንሳዮቹ ከአዳራሹ ገቢ ጋር ይታሰር። ከሁሉም በላይ አንድ አንቀጽ እንዳይቀር እለምናለሁ። ለፊልም በተመደበ ቀን አዳራሹን ለስብሰባ የሚወስድ ማንኛውም መሥሪያ ቤት፣ ወንበሮቹ ሁሉ ቢሸጡ ይገኝ የነበረውን ገንዘብ ከራሱ በጀት ይክፈል፤ ክፍያውም ወደ ከተማው ካዝና ሳይሆን ለአዳራሹ ፕሮጀክተርና ወንበር ማደሻ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ገቢ ይሁን።