የመታሰቢያ ሳንቲም ኪስ ውስጥ ይግባ

ለንደን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለእረፍት መጥታ ቦርሳዋን ስታራግፍ፣ ሰባት ማዕዘን ያለው ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። 50 ፔንስ ነው። አንስቼ ሳየው አንድ ስፖርተኛ በጀርባው ተንጋሎ የከፍታ ዝላይ ዘንግ ይሻገራል። ከእጅ እጅ ሲዘዋወር ኖሮ ጠርዙ ፈዟል። «ሱቅ መልስ ሰጥተውኝ ነው» አለችኝ።

ሳንቲሙ እ.ኤ.አ. ለ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክና ፓራሊምፒክ ከወጡት 29 ዓይነቶች አንዱ ነው። ጥሩነሽ፣ ቲኪና መሠረት ወርቅ ያጠለቁበት ኦሎምፒክ። ይህን ንድፍ የሣለችው በልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ውድድር ያሸነፈች የ9 ዓመት ልጅ ናት። የእግር ኳሱ ሳንቲም ደግሞ ኦፍሳይድን በሥዕል ያስረዳል።

እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነው። ሳንቲሞቹ በ50 ፔንስነታቸው ገበያ ወጡ። ሰው ዳቦ ገዛባቸው። ለዚያው ኦሎምፒክ 1 ኪሎ የሚመዝን የወርቅ ሳንቲምም ተሠርቶ ነበር። እሱን በእጁ የነካው ስንት ሰው ነው?

በእኛም አገር ስም በ1974 ዓ.ም. የስፔኑን የዓለም ዋንጫ የሚያስታውስ የ2 ብር ሳንቲም ወጥቷል። ብሔራዊ ቡድናችን በዚያ ዋንጫ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ በ5 ሺህም በ10 ሺህም ወርቅ ወስዷል። ሳንቲሙ የሚገባው ለእሱ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

አሁንም አልረፈደም። ብሔራዊ ባንክ የሯጮቻችንን ምስል በምንገበያይበት ሳንቲም ላይ ያውጣልን። በብርጭቆ ሣጥን ተቀምጦ ለሰብሳቢ የሚሸጥ አይሁን። «ዛሬ አንድ ብር ምን ይገዛል?» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። እንግዲያው ዋጋው ከፍ ያለ ሳንቲም ይሁን።

መጀመሪያ ማን ይውጣ ቢሉኝ አበበ ቢቂላ እላለሁ። ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ፊቱ ብቻ አይበቃም፣ እግሩም ይታይ። የታክሲ ረዳቱ መልስ ሲሰጥ አንዱ ልጅ ሳንቲሙን ገልበጥ አድርጎ፣ «እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ጫማው የታለ?» ይበል።