ሐዋሳ መሀሉ ሳይሞላ ለምን ወደ ቱላ?
«የቤት እጥረቱ የሚፈታው ከተማው ወደ ቱላ ሲሰፋ ነው» የሚለው ጭራሽ አልተዋጠልኝም፣ ቱላ እኮ ከተማው ዳር ያለ ገጠራማ ክፍለ ከተማ ነው፣ ባዶ መሬት አይደለም የገበሬ እንሰትና ቡና ያለበት ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም ተመርቆ ከየገጠሩ ሴት ልጆች ለስራ ሲጎርፉ ማን አስጠለላቸው? ግቢው ውስጥ ሰርቪስ የደረደረ አከራይ ነው፣ በአንድ ክፍል ሶስት አራት ሆነው ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈው፣ ሽንት ቤቱም ለግቢው ሁሉ አንድ። ለነዚህ ባለይዞታዎች የጂ ፕላስ ቱ (ከምድር ቤቱ በላይ ሁለት ፎቅ) ፈቃድና ብድር ቶሎ ቢሰጣቸው ውሃና መብራቱ እኮ በራቸው ላይ ነው፣ በቆርቆሮ ታጥሮ ሳር የሚበቅልበትን ቦታ የያዙት ደግሞ ወይ ይገንቡት ወይ ይነጠቁ። «መሀሉ ከተጨናነቀ የሐዋሳ ሐይቅ ይበከላል» ያልከው ወንድሜ ስጋትህ ይገባኛል፣ ግን ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፣ ዳር ተበታትኖ የሚሰራው ቤት ፍሳሽም ዞሮ ዞሮ እዛው ነው የሚገባው፣ ለተጠጋጋ ሰፈር የፍሳሽ መስመር መዘርጋት ደግሞ ወጪው በጣም ያንሳል።