ሄጄ እመለሳለሁ ስል የሚያምነኝ ጠፋ

ቅዳሜና እሁድን ሮም ላሳልፍ፣ ማክሰኞ ጠዋት ደብረ ብርሃን ቢሮዬ ልገኝ። ይኸው ነው ሐሳቤ። ከቦሌ ቀጥታ በረራ አለ፤ ሰባት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ገንዘቡን ከደመወዜ ቆጥቤ ያጠራቀምኩት ነው። ማንንም አላስቸገርኩም።

የሚያምነኝ ግን የለም። ቡና ላይ ለጎረቤታችን ስነግራቸው ስኒውን ረከቦቱ ላይ መልሰው ትኩር ብለው አዩኝ። «ብቻሽን?» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለእኔ እንኳ እውነቱን ንገሪኝ ልጄ፤ አንዴ ከገባ ማን ይመለሳል?» አጎቴ ደግሞ ከመሐል ሜዳ ደውሎ «እዚያው ያደላድልሽ» ብሎ መረቀኝ። ኧረ እዚያው አልቀርም!

ወደ ኢጣሊያና ወደ ብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያስገባው የሸንገን ቪዛ ሕጉም የሚያስበው እንደ ጎረቤቴ ነው። እንደምትመለሺ አስረጂ ይላል። የሥራ ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የሆቴል ቡኪንግ፣ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ። አሻራ ለመስጠት 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ። ይሁን፣ አደርገዋለሁ። ልምድ ያላቸው ሰዎች ግን «የቤት ካርታ አለሽ? ባል? ልጅ?» ይሉኛል። የለኝም። ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ አላገባሁም። እናቴ ግን ደብረ ሲና አለች። እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ጣርማ በርን ወርጄ አያታለሁ። እሷን በየትኛው ፎርም ላይ ልሙላት?

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ የ45 ቀኑ ነገር ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት፣ ኢትዮጵያ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን መልሳ በመቀበል በቂ ትብብር አላደረገችም ብሎ የእኛን ማመልከቻ የሚያይበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 አራዘመ። ለሁለት ቀን ጉዞ 45 ቀን! ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ስለዚህ በቃሌ ተገኝቼ ብመለስ እንኳ በዚያ ታምኜ ሁለተኛ በቀላሉ አልገባም። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሉም አይመልሱም።

ሮምን የመረጥኩት ዝም ብዬ አይደለም። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ የሚጠራው በ1879 ዓ.ም. የራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ በደመሰሳቸው አምስት መቶ ወታደሮች ስም ነው። እዚያ ልቁም። የአክሱም ሐውልት ወደ አገሩ እስኪመለስ ቆሞበት የነበረውንም ቦታ ልየው። ብቻዬን፣ ማንም ሳያጣድፈኝ፣ እግሬ እስኪዝል።

በ1869 ዓ.ም. ማርኪዝ አንቲኖሪ የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበርን ቡድን ይዞ ሸዋ ሲገባ፣ ምኒልክ አንኮበር አጠገብ መሬት ሰጥተው አስቀመጡት። እዚያው ኖሮ እዚያው አረፈ። ዛሬም ፈረንጁ መንዝ ጓሳ ጭላዳ ሊያይ ሲመጣ ቪዛውን ቤቱ ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት ይጨርሳል። ይምጣ፣ ደስ ይለኛል። ግን እሱን «አገርህ የሚመልስህ ምን አለህ?» ብሎ የሚያፋጥጠው የለም።

ማመልከቻዬን አስገባለሁ። ቆንስላው ይጠርጥረኝ፣ ሥራው ነው። የአገሬ ሰዎች ግን ቢያንስ እናንተ «መቼ ትመለሻለሽ?» በሉኝ።