ማስተካከያ፦ “ኤ” እና “አን” የሚለዩት በፊደል ሳይሆን በድምፅ ነው

ባለፈው ትምህርት በእንግሊዝኛ ከነጠላ ስም በፊት ስለሚገቡት “ኤ” (a) እና “አን” (an) ስጽፍ፣ ቀጣዩ ስም ከአምስቱ የእንግሊዝኛ አናባቢ ፊደላት በአንዱ ከጀመረ “አን”፣ ካልሆነ “ኤ” ይሁን ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የሚወስነው የቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ እንጂ ፊደሉ አይደለም።

ሰዓት ማለት የሆነውን “አወር” እንውሰድ። ሲጻፍ በ“ኤች” ይጀምራል፤ ሲነገር ግን ኤቿ አትሰማም። ስለዚህ “አን አወር” ነው። “ዩኒቨርሲቲ” ደግሞ ተቃራኒው ነው። የሚጻፈው በአናባቢዋ “ዩ” ነው፤ አፋችን የሚጀምረው ግን በ“ይ” ድምፅ ነው። “ኤ ዩኒቨርሲቲ” እንላለን። የእኔን ደንብ የተከተለ ሰው ሁለቱንም ይስታል። ይቅርታ!

ደግነቱ የእኛ ፊደል እዚህ ላይ ያግዛል። ቃሉን እንደሚነገረው በአማርኛ ጻፉት። ከ“አ” እስከ “ኦ” ካሉት በአንዱ ከጀመረ “አን”፣ በሌላ ከጀመረ “ኤ” ነው። “አምብሬላ” አን ይወስዳል። “ዋን ዌይ ቲኬት” ግን በ“ዋ” ስለሚጀምር ኤ ነው፣ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ በ“ኦ” ቢጀምርም። “ኤፍኤም ሬዲዮ” ሳይቀር “አን” ነው የሚባለው።

ታዲያ የምትጽፉት የእንግሊዝኛውን አነጋገር ይሁን፣ እኛ የለመድነውን አይደለም። እኛ “አውሮፓዊ” እንላለን፤ እነሱ “ዩሮፒያን” ነው የሚሉት። ስለዚህ “ኤ ዩሮፒያን”።

ሌላው፣ የሚታየው ስሙ ሳይሆን ወዲያው የሚከተለው ቃል ነው፦ “አን አፕል”፣ ግን “ኤ ሬድ አፕል”።