የሚታኘክ ወንጀል

ድሬዳዋ ውስጥ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ቁም ነገር የሚወራው ጉንጭ ሞልቶ ነው። ቅዳሜ ዕለት ከዚራ፣ ጎረቤቴ ግቢ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ዕጣን ጨሶ፣ የአወዳይ ቅጠል ፊታችን ተዘርግቶ በርጫችንን ይዘናል። ስልኩን ሲጎረጉር የነበረው ወጣት ድንገት ቀና አለና፣ «ሕንድ አገር የሚታኘክ ትምባሆ የሸጠ ሰው በወንጀል ተከሰሰ» አለ።

የሁላችንም መንጋጋ ቆመ።

«የሚታኘክ?» አሉ የምድር ባቡሩ ጡረተኛ አባባ፣ የያዟትን ቀንበጥ ወደ ትራሳቸው ሥር እየገፉ።

«ትምባሆ ነው አባባ፣ ጫት አይደለም።» መንጋጋዎች ሥራቸውን ቀጠሉ።

ነገሩ ጉትካ ይባላል። ትምባሆ ከኖራና ከአንድ ጠንካራ ፍሬ ጋር ተቀላቅሎ በትንንሽ ፓኬት ይሸጣል፤ የአፍ ካንሰር ያመጣል። የሕንድ ክልሎች ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምረው ተራ በተራ ከልክለውታል። የከለከሉበት መንገድ ግን ለበርጫ የተፈጠረ ነው። የምግብ ደንባቸው «ምግብ ውስጥ ትምባሆ አይግባ» ይላል፤ ስለዚህ ጉትካን ለመከልከል መጀመሪያ ምግብ ነው ማለት ግድ ሆነ። ፖሊስ ደግሞ በዚህ አልረካም፤ መርዝ ሰጥቶ ሰው መጉዳትን የሚቀጣውን፣ እስከ 10 ዓመት የሚያሳስረውን የያኔውን የወንጀል ሕጋቸውን አንቀጽ 328 ደረበበት። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. በሁለቱም ሕግ መክሰስ ይቻላል ተባለ።

«እንግዲህ በአንድ ፓኬት ምግብም መርዝም ሸጧል ማለት ነው» አለ ጎረቤቴ።

«የእኔን ወጥ ቀምሰውት መሆን አለበት» አለ አንዱ ወንደላጤ።

ክልከላው የሚወጣው ለአንድ ዓመት እንደሆነና በየዓመቱ እንደሚታደስ ስንሰማ፣ ነጋዴው ወዳጃችን «እንደ ንግድ ፈቃድ!» ብሎ አዘነላቸው። ልቡ የተነካው ግን በፋብሪካዎቹ ዘዴ ነው። ትምባሆውን ለብቻ፣ ቅመሙን ለብቻ አሽገው ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ ገዢው እቤቱ ይቀላቅላል። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ፀጉሩን ያሸበተ ሰው እንዲህ ያለ ጥበብ ሲሰማ ዝም ማለት አይችልም። «ይህን ያሰበ ሰው ሕንዳዊ አይደለም፤ የደቻቱ ልጅ ነው!» ብሎ ማለ።

ምርቃናው ሲገባ ችሎት ተሰየመ። ሁላችንም፣ እኔን ጨምሮ፣ ጉንጫችንን እንደወጠርን በሻጩ ላይ ፈረድን፤ ሕዝብን ሱስ የሚያስይዝ አይማርም ተባለ። አባባ አሥር ዓመቱም አንሷል አሉ።

በዚህ መካከል ሲጋራ አለቀ። ጎረቤቴ በረንዳው ላይ የቤት ሥራውን የሚሠራውን የ12 ዓመት ልጁን ጠርቶ ብር ሰጠው። ባለስልኩ ወጣት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ እንደማይሸጥ አስታወሰን። ምን አለበት ቢተወው።

«አይሸጥለት ነው እንጂ አይላክ ተብሏል?» ብለው አባባ አዋጁን ተረጎሙት። ልጁ ወጣ።

ሲመለስ ሲጋራውን ከቀኝ ኪሱ፣ ክብሪቱን ከግራ ኪሱ አወጣና አራርቆ ፍራሹ ላይ አስቀመጠው።

«ምን ለያየህ?» አለው አባቱ።

«እንዳልከሰስ ነው» አለ ልጁ፤ «መቀላቀሉን እናንተ ቀላቅሉት።»