ይድረስ ለክቡር የተጣራ ፍሳሽ፣ ጅማ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከጠረንዎ በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ከሰፈራችን ጀርባ ወደ አዌቱ ወንዝ በምትወርደው ጅረት በቧንቧ ከገቡ ወዲህ ተከባብረን ኖረናል። መስኮት ዘጋንልዎ። ልብስ የምናጥብበትን ድንጋይ ለቀቅንልዎ። አሁን የምጽፈው ግን ለድሮው ቂም አይደለም። ሰሞኑን እርስዎን ልንከስ ሄደን የደረሰብንን ቢሰሙ ደስ ይልዎታል ብዬ ነው።

ነገሩ በዕድር ተጀመረ። ዕድር ለቀብር ነው እንጂ ለፍሳሽ አይደለም ያሉ ነበሩ፤ ጅረቷም ወደዚያው እየሄደች ነው ተባለና ከደንቡ ውጪ አይደለም ብለን ተስማማን። ፊርማ ተሰበሰበ፣ ማመልከቻ ተጻፈ። ከቧንቧዎ አፍ ላይ በሃይላንድ ቀዳንና ክዳኑን አጥብቀን፣ የዕድራችን ሰብሳቢ አባባ፣ ሁለት እናቶችና እኔ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድን። (የሚመለከተው የትኛው እንደሆነ እስክናውቅ ያየነውን ይለፉት። አንዱ የውሃ ጉዳይ ነው ይላል፣ የውሃው የአካባቢ ነው ይላል፣ የአካባቢው ደግሞ ሻይ ወጥቷል።)

በር ላይ ጥበቃው ሃይላንዱን አወጣ።

«ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው» አሉ አባባ። ጨዋ ሰው ናቸው።

«ይቅመሱት።»

መቼም በር ላይ የተገኘ ውሃ ይቀመሳል፤ የለመድነው ነው። አባባ ሃይላንዱን አዩት፣ ጥበቃውን አዩት። «ልጄ፣ ይሄ አይቀመስም» አሉ። «እንግዲያው አይገባም፤ እዚህ አስቀምጡት፣ ስትወጡ ትወስዱታላችሁ።» ክቡርነትዎ፣ እኛ ሰፈር ቀንና ሌሊት ያለ ፍተሻ የሚገቡት እርስዎ፣ ግማሽ ሊትር ሆነው ቢሮ መግባት ተከለከሉ። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ፎቅ ወጣን። ባለሙያው ወጣት ነው፣ ፊቱም ክፉ አይደለም።

«ማስረጃ አላችሁ?»

«በር ላይ ቀርቷል።»

«ቢገባም አይጠቅማችሁም፤ ናሙና የሚወሰደው በባለሙያ ነው።»

«ባለሙያው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ ትመጣልናለህ?»

«መኪና የለም።»

ደግሞም ፍሳሹ መስፈርቱን ያሟላል የሚል ሪፖርት አለ አለን። ማን ለካው? የሚለቀው ድርጅት። ማየት እንችላለን? አይቻልም፣ የድርጅቱ ነው። ይሄንንም ዋጥነው። ከዚያ ግን ማመልከቻውን አገላበጠና «ለመሆኑ እናንተን ምን ነካችሁ? ቤታችሁ ከጅረቷ ይዋሰናል? ካርታ አላችሁ? የታመመ ካለ የሐኪም ወረቀቱን አምጡ» አለን። አባባ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በሚሸት ጅረት ዳር ስለመኖራቸው ማስረጃ አምጡ ተባሉ። ባርኔጣቸውን ይዘው ዝም አሉ። ዝምታቸው ነው እኔን ያቃጠለኝ።

ስማ እንግዲህ፣ ፍሳሽ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ላይ፣ ማንም ሰው የተነካ ጥቅም እንዳለው ማሳየት ሳያስፈልገው አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። ማንም ሰው! ካርታ ያለውም የሌለውም፣ ተከራዩም፣ መንገደኛውም። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተስማማ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 44 ላይ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ሲሰጥ፣ አስቀድማችሁ ታመሙ አላለም።

ተጣርቻለሁ ትላለህ። ደለሉን አስቀርተውልህ ይሆናል፤ ከሚበሰብሰውም ብዙውን ባክቴሪያ በልቶልህ ይሆናል። ናይትሮጅንና ፎስፈረሱ ግን በተለመደው ማጣሪያ ተሟጦ አይወጣም፤ ሌላ ደረጃና ሌላ ወጪ ይፈልጋል። ጅረት ሲገባ ለአልጌ ማዳበሪያ ነው። አልጌው ይንሰራፋል፣ ሞቶ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ ውሃ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታፈናል። በበጋ ደግሞ ጅረቷ ትመነምናለች፣ አንተ ግን አትቀንስም፤ የሚያቀጥንህ ውሃ ስለሌለ አንተው ራስህ ጅረት ሆነህ ትወርዳለህ። የጅማ ሰው ቡና ያውቃል፤ አተላው ጀበናው ውስጥ ስለቀረ ሲኒው ላይ ያለውን ውሃ ነው ብሎ አይጠጣም።

እኛ ጋም አትቆምም። ወደ አዌቱ፣ ከአዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ነው ጉዞህ። በመንገድህ ከብት ይጠጣሃል፣ ጎመንና ሰላጣ ይጠጣሃል፤ ሰላጣው ሐሙስ ገበያ ይወጣል። ይሄኔ ያ ባለሙያም ገዝቶታል።

ሕዝብ ተወያይቶበታል የምትለዋንም እናውቃታለን። አዳራሽ ተጠርተን የተገኘንበትን ፈረምን፤ ሉሁ ስምምነት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ለሠርግ እንኳ ከላይ ያለውን ርዕስ ሳያነብ አይፈርምም።

ወደ ክቡርነትዎ ልመለስ። ስንወርድ ሃይላንዱ የለም። ጥበቃው ትንሽ አፍሮ «ደፋሁት» አለን።

«ለምን?»

«ሸተተኛ!»

ክቡር ሆይ፣ ደሞዝ እየተከፈለው እንደሚሸቱ ያመነ የመጀመሪያው ሰው ይሄ ነው። በደብዳቤ አድርገህ ማኅተም ምታበት ብንለው ሥልጣን የለኝም አለ። የት እንደደፋውም አሳየን፤ በአጥሩ ሥር ባለችው ቦይ። ቦይዋ ወደ አዌቱ ነው የምትሄደው። ተመልሰው ቤትዎ ገብተዋል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርዎት አላልፍም። መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮ ምንም ሳትጠይቅ ማመልከቻችንን ተቀብላ ቁጥርና ቀን ጽፋበታለች፤ ኮፒው አባባ ዘንድ ነው። 30 ቀኑ መቆጠር ጀምሯል። ዕድሩ ለጠበቃ የሚሆን መዋጮ ጀምሯል፤ ያልከፈለ እንደ ቀብር ይቀጣል።

ከሰላምታ ጋር
የሰፈሩ ነዋሪዎች

ግልባጭ፦
ለቦዬ ጉማሬዎች፣ ከታች ተቀባይ ስለሆኑ፤
ለበሩ ጥበቃ፣ ምስክር አድርገን ልንቆጥረው ስለሆነ ከወዲሁ እንዲያውቀው።