ቅድሚያ የመቀመጫዬን

«ቅድሚያ የመቀመጫዬን» ያለችው ዝንጀሮ አዳማን አታውቅም። እዚህ ከተማ መቀመጫ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ደም ከታየ። እንዲህ ያለ ጽናት ሊመሰገን ይገባል።

ኪንታሮት ዝም ብሎ አይመጣም፣ ይለፋበታል። ከፊንጢጣችን በር ከፍ ብሎ፣ ብዙውን ጊዜ በሦስት ቦታ፣ በደም ሥር የተሞሉ ለስላሳ ትራሶች ሁላችንም አሉን። ሥራቸው በሩን ገጥሞ መያዝ ነው። ጥበቡ ያለው እነዚህን እስኪያብጡና የያዛቸው ሥጋ ላልቶ ቁልቁል እስኪንሸራተቱ ድረስ መግፋቱ ላይ ነው።

በዚህ የኛን ሰው የሚያክለው የለም። ከምሳ በኋላ በርጫ ይጀመራል። በአዳማ ሙቀት ላብ የወሰደውን ውሃ መተካት የሰነፍ ሥራ ነው፤ አንድ ለስላሳና አንድ ጭብጥ ለውዝ ይበቃል። ጫቱ ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር አንጀት ያደርቃል፣ እስኪመሽ መቀመጡ ደሙ ታች እንዲጠራቀም ያደርጋል፣ ምርቃናው ደግሞ እራት ይዘጋል። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው የከባድ መኪና ሾፌርም አይተናነስም፤ አዳማ ላይ የመጣበትን ሰገራ መተሐራ፣ መተሐራ ላይ የመጣውን አዋሽ ብሎ ያሳድረዋል። በተያዘ ቁጥር አንጀት ከሰገራው ውሃ ይመጥጣል፤ ሰገራውም ይደርቃል። ሲነጋ ጀግናው ስልኩን ይዞ ሽንት ቤት ይገባል። ሐኪም ከ5 ደቂቃ አትለፉ ይላል፤ እሱ የኳስ ትንታኔውን ሳይጨርስ አይነሳም፣ በየመሀሉም ትንፋሹን ይዞ ያምጣል።

(እርጉዝ ሴቶችን ያለ ጫትም ያለ ስልክም ይይዛቸዋል፤ የማህፀኑ ክብደትና ሆርሞኑ ይበቃል። በእነሱ አንቀልድም።)

የውስጠኛው ኪንታሮት ማዕረጉ አራት ነው። በአንደኛው ከሰገራ በኋላ ደማቅ ቀይ ደም ጠብ ይላል፤ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ስለዚህ በሽታ አይደለም። በሁለተኛው እብጠቱ ሲያምጡ ወጥቶ በራሱ ይመለሳል። በሦስተኛው በጣት ይመለሳል። በአራተኛው ምንም ቢገፉት አይመለስም። የውጪኛው ኪንታሮት ግን ማዕረግ አይጠብቅም፤ ውስጡ ደም ከረጋ ድንገት ጠንካራ፣ ሰማያዊ እብጠት ይሆንና መቀመጥ ይከለክላል። በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ሐኪም ቆርጦ ሊያሳርፈው ይችላል። የኛ ሰው በአራተኛው ቀን ያማክራል፣ ያውም ጓደኛውን።

ፋርማሲ ከሄደ ደግሞ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ የጥርስ ቡሩሽ ሲያገላብጥ ይቆያል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለአጎቴ ነው፣ የታች ቅባት» ይላል። ምስኪን አጎት! ቅባቱ ማሳከኩን ቢያስታግስም ድርቀቱን እንደማይነካ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ቀጣዩ ማረፊያ የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈው «ከነሥሩ እንነቅላለን» ነው። የሚያቃጥል ነገር ይቀባል፣ ሥጋው ይበላል፣ ቁስሉ ሲሽር ጠባሳው በሩን ያጠበዋል። ድርቀት ማለት ያኔ ነው!

ፈሪዎች ሌላ መንገድ አላቸው። በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር (ፋይበር) የሚሆን ጎመን፣ ምስር፣ ፓፓያና ተልባ ይበላሉ፤ ውሃ ይጠጣሉ፤ ሲመጣባቸው ወዲያው ይሄዳሉ፤ ሲያማቸው ለብ ባለ ውሃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይዘፈዘፋሉ። ካልተሻላቸው ሐኪሙ የውስጠኛውን ሥር በትንሽ ጎማ ያስርላቸዋል፤ ደም ያጣው እብጠት በሳምንት ገደማ ደርቆ ይወድቃል።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን የምርመራ ችሎታችን ነው። ደሙ ጠቆረ፣ ከሰገራው ጋር ተቀላቀለ፣ ሆድ ጠባዩን ለወጠ፣ ሱሪው ሰፋ፤ ሁሉም «ኪንታሮት ነው»። የአንጀት ካንሰርም ይደማል፤ የሚለየው ሐኪም በጣቱ ሲፈትሽና በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ አንጀቱን ሲያይ ነው። ይህን ግን የኛ ሰው አይሰማም፤ ለሁለት ዓመት በየማለዳው በገዛ ጣቱ ሲመልስ የኖረ ሰው የሐኪም ጣት ነውር ነው ብሎ ከበር ይመለሳል።